«ያመኛል» ብቻ አይበቃም፦ የእንክብካቤ ሥራ ጃፓንኛን በማስተማር ያሳለፍኳቸው ስምንት ወራት

ቶኪዮ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ለሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ጃፓንኛ በሚሰጥበት የቅዳሜ ክፍል ማገዝ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። ተማሪዎቹ ከኔፓል፣ ከምያንማር፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬትናም የመጡ ናቸው። ክፍሉን የሚመሩት ጡረታ የወጡ ጃፓናዊት ነርስ ናቸው። እኔን የጠሩኝ ለትምህርት መጥቼ ቋንቋውን ከፊደሉ ጀምሬ ስለተማርኩ፣ ተማሪ የት እንደሚሰናከል አያጣውም ብለው ነው። ጃፓንኛ ለምታስተምሩም ለምትማሩም ያየሁትን ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው የሙያተኛ ሠራተኞች ቪዛ ወደ እንክብካቤ ሥራ የሚገባ ሰው፣ ከጠቅላላው የቋንቋ ፈተና ሌላ የእንክብካቤ ጃፓንኛ ፈተና ይቀመጣል። ጥያቄዎቹ 15፣ ጊዜው 30 ደቂቃ ነው። አምስቱ ስለ ሙያው ቃላት፣ አምስቱ አረጋውያንን ስለ ማነጋገር፣ አምስቱ ስለ ጽሑፍና መዝገብ ይጠይቃሉ። ይህን አከፋፈል መጀመሪያ የፈተና ነገር ብቻ አድርጌ አልፌው ነበር። ሥራው ራሱ በሦስት የተከፈለ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቃላት በማስጠናት ጨረስኩ። ጆኩሶ ማለት ብዙ በመተኛት የሚመጣ የገላ ቁስል ነው፤ ሴይሺኪ ማለት የተኛን ሰው ገላ በእርጥብ ፎጣ መጥረግ ነው። ተማሪዎቼ ሁሉንም በቃላቸው ያዙ። አንድ ቀን አንዷ ለሚንከባከቧቸው ሽማግሌ «ጆኩሶ እንዳይዝዎት ላገላብጥዎት» አለቻቸው። ሽማግሌው ቃሉን አያውቁትም፤ አዲስ በሽታ የተገኘባቸው መስሏቸው ደነገጡ። እሳቸው የሚያውቁት ቶኮዙሬ የሚለውን የቤት ቃል ነው። እኛስ አገር ሐኪሙ ካርድ ላይ የሚጽፈውና ለእናታችን የሚነግራት ቃል አንድ ነው? ከዚያ ወዲህ ደብተራችን ሦስት ዓምድ አለው፦ ለሰውየው፣ ለባልደረባ፣ ለመዝገብ። ሴይሺኪ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ አልጋው አጠገብ ግን «ካራዳ ኦ ፉኪማስ ኔ» ይባላል፣ «ገላዎን ልጥረግልዎት» እንደማለት። ሳይናገሩ ሰው መንካት በዚህ ሙያ ነውር ነው። ከመንካት በፊት የሚባለው ነገር ኮኤካኬ የሚል የራሱ ስም አለው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማስተምረው እሱን ነው።

በጣም ደስ ያለኝ የሕመም ቃላት የተማርንበት ቀን ነው። አንዲት ተማሪ ለምትሠራበት መጦሪያ ነርስ «ሴትየዋን ያማቸዋል» ብላ ብትነግራት «እንዴት አድርጎ?» ተብላ መልስ አጣች። ጃፓናውያን ሕመምን በድምፅ ቃል ነው የሚገልጹት፦ ዙኪዙኪ፣ ቺኩቺኩ፣ ሂሪሂሪ፣ ጋንጋን። መጽሐፉ ላይ ያለው ፍቺ ለማንም ግልጽ አልሆነም። እኔ ግን ዝርዝሩን ሳይ የእናቴ ድምፅ መጣልኝ። ዙኪዙኪ ይጠዘጥዘኛል ነው። ሂሪሂሪ ቆዳ ሲላጥ ይለበልበኛል የምንለው ነው። ጋንጋን ራሴን ይፈልጠኛል። ቺኩቺኩ ሱሩ ደግሞ ቃል በቃል ጠቅ ጠቅ ያደርገኛል ነው፤ ሱሩ ማለት ማድረግ ነውና አሠራሩ እንኳ አንድ ነው። ተማሪዎቹም እያንዳንዳቸው በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አያታቸው እንዴት እንደምትል እንዲያስታውሱ ጠየቅኳቸው። ክፍሉ በአራት ቋንቋ ሕመም ተሞላ፤ አራቱን ቃላት ከዚያ ቀን ወዲህ የረሳ የለም።

ሌላው ቻካን ዳኬን ነው። ሲያለብሱ ከታመመው ጎን፣ ሲያወልቁ ከጤነኛው ጎን መጀመር ማለት ነው፤ በአራት የቻይና ፊደላት ይጻፋል። ሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ጊዜ ተምታታባቸው። በአራተኛው ሳምንት ቁልፍ ያለው ሹራብ ይዤ ሄድኩ። አንዱ ግራ እጁ ሽባ እንደሆነ ሰው ክንዱን ለቀቀ፤ ጓደኛው በጤነኛው እጅ ጀምሮ ሲያለብሰው፣ የታመመው ክንድ የሚዞርበት ቦታ አጥቶ ሹራቡ ጀርባው ላይ ተወጠረ። ሕጉን ለማስረዳት ሌላ ቃል አላስፈለገኝም።

ድምፅ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚጠቅም ነገር አለ። ጃፓንኛ ይጠብቃል፣ ይላላል፦ ኦቶ ሲላላ ድምፅ፣ ሲጠብቅ ባል ነው። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ ላደገ ጆሮ ይህ ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረን የአናባቢ ርዝመት ነው። ኦባሳን አክስት ናት፤ «ባ» ስትረዝም አያት ትሆናለች። ለዚህ ያገኘሁት መላ በየምቱ ማጨብጨብ ነው፤ ለአክስት አራት ጊዜ፣ ለአያት አምስት ጊዜ።

ገና ያልተወጣው ሞሺኦኩሪ ነው፣ ተረኞች ሥራ ሲረካከቡ የሚለዋወጡት ቃል። ንግግሩ ፈጣን ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይቀራል፣ ግማሹ አሕጽሮት ነው። ሁለቱ ጎበዝ ተማሪዎቼም ከአምስት ነገር ሁለቱን ብቻ ይዘው ይወጣሉ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ነርሷ የአንድ ሌሊት ርክክብ በድምፃቸው ይቀርጹልናል። መጀመሪያ የሰው ስምና ሰዓት ብቻ፣ ቀጥሎ የተለወጠውን ነገር ብቻ እያዳመጥን እንጽፋለን። ይህን ክፍል በሌላ መንገድ ያስተማራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ይዤው እገባለሁ።