ሰሌዳ ላይ ያልተለጠፈ ሥራ

ደሴ፣ ጥቅምት

የመንግሥት ቢሮዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ጠዋት ጠዋት የሚቆመው ሰው እያደር በዝቷል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ወረቀት ፎቶ ያነሳል። የሥራ ልምድ «0 ዓመት» የሚል ከተገኘማ የኮፒ ቤቱን ሰልፍ አይቶ የተመዝጋቢውን ብዛት መገመት ይቻላል። ኮምቦልቻም ቢሆን የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲከፈት የነበረው ተስፋ ቀዝቅዟል። በ2014ቱ ጦርነት ከተማዋ ተዘረፈች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ አስወጣች። የፓርኩ ልብስ ስፌት ደግሞ የሚጠብቀው የውጭ ገዢን ነው።

ሰሌዳው ይቅር አልልም። ግን ሰሌዳው ላይ የሚወድቀው ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ፈተናው ላይ ሳይሆን ምዝገባው ላይ ነው። ወሎ ውስጥ አንዱ ችግር የስም ፊደል ነው። መሐመድ የሚለውን ስም ብንወስድ በእንግሊዝኛ አንዱ ሰነድ ላይ በኦ፣ ሌላው ላይ በዩ ይጻፋል፤ አንዱ ላይ ኤሟ ድርብ ናት፣ ሌላው ላይ ነጠላ። ትራንስክሪፕቱ፣ የቀበሌ መታወቂያውና ፋይዳው ሦስት ሰው ይመስላሉ። ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 10 የሥራ ቀን ብቻ ክፍት ስለሚሆን ያኔ ሬጅስትራር ቤት ደብዳቤ ለማጻፍ መሯሯጥ አያደርስም። ሥራ በሌለበት ሳምንት ሰነዱን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀ የመውጫ ፈተና ውጤቱን፣ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ የብቃት ማረጋገጫውን (ሲኦሲውን) አብሮ ያስቀምጥ። ሁሉም በአንድ ፒዲኤፍ ይሁን፣ የፋይሉ ስም የሰውየው ስምና ሙያው ይሁን። በጨለማ ክፍል የተነሳ ጥግ ጥጉ የተቆረጠ ፎቶ ማንም አይከፍትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በእኛ አካባቢ የግል ሥራ አብዛኛው ሳይለጠፍ ይሞላል፤ ቡና ላይ ተነስቶ ገና በረካው ሳይደርስ ሰው ይገኝለታል። ዘመድ የሌለው ሰው እዚያ ወሬ ውስጥ የሚገባው «ሥራ አለ ወይ?» ብሎ በመጠየቅ አይደለም። ባለቤቱን ሲቆረቁረው የኖረ ነገር በእጁ ይዞ ሲሄድ ነው።

ሲቪል የተማረ ሰው የሕንፃ ግንባታ አጥር ላይ የተተከለውን ሰሌዳ ያንብብ። አሠሪው፣ ተቋራጩ፣ አማካሪው፣ አንዳንዴም የውሉ ጊዜ ተጽፎበታል። መሠረት ላይ ያለ ሥራ ከፊቱ ብዙ ወር አለው፤ ቀለም ላይ የደረሰው ሰው የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ከዚያ ሲቪውን ሳይሆን አንዲት ገጽ ይዞ ኦፊስ ኢንጂነሩን ወይም ፎርማኑን ማነጋገር ነው። ገጿ የፌሮ አቆራረጥ ብትሆን እንዲህ ትሠራለች፦

አንድ ቤርጋ፣ ማለትም ያልተቆረጠ ሙሉ ፌሮ፣ 12 ሜትር ነው። 2.5 ሜትር የሚረዝም 40 ቁራጭ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቢያስፈልግ ከአንዱ ቤርጋ 4 ይወጣል፣ 2 ሜትር ይተርፋል። 10 ቤርጋ ሲቆረጥ 20 ሜትር ትርፍ ማለት ነው። ክብደቱን ለማግኘት ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ነው፤ 144 ለ162 ሲካፈል ሜትሩ 0.89 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ወደ 18 ኪሎ ፌሮ ጥግ ላይ ተጥሎ ይዝጋል። በዚያው ሥራ 2 ሜትርና ከዚያ በታች የሚፈልግ ቦታ ካለ መጀመሪያ ከዚህ ቁራጭ ይወሰዳል፣ አዲስ ቤርጋ አይነካም። አብዛኛው ብክነት የሚመጣው ፌሮ ሠራተኛው ስለማይችል ሳይሆን የዛሬውን ዝርዝር ብቻ ተሰጥቶት የነገውን ሳያውቅ ስለሚቆርጥ ነው። ይህችን ስሌት በአንድ ገጽ ያየ ፎርማን ሰውየውን ቢያንስ አስቀምጦ ያናግረዋል። ያሸበረቀ የማመልከቻ ደብዳቤ ግን መሳቢያ ይገባል።

አካውንቲንግ ለተማረ ደግሞ ኮምቦልቻ አለለት። የአዲስ አበባና የመቀሌ መንገድ፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደውም እዚያ ይገናኛሉ፤ ከባድ መኪና ስላለ መለዋወጫ ሱቅ አለ፣ መለዋወጫ ባለበት የቆጠራ ጣጣ አይቀርም። ጉድለቱን ሁሉም ሌብነት ይለዋል። እኔ ብዙውን የመለኪያ ስህተት ነው እላለሁ፦ ዕቃው በካርቶን ገብቶ በፍሬ ይወጣል። ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ «ገቢ 5» ይላል፣ ካርቶን ነው፤ «ወጪ 12» ይላል፣ ፍሬ ነው፤ ከወር በኋላ ቀሪው ምን እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅ። መፍትሔው ካርዱ አናት ላይ «1 ካርቶን = 24 ፍሬ» ብሎ ጽፎ ገቢም ወጪም በፍሬ ብቻ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ሒሳብ ሠራተኛው ምሳ ሲሄድ የቤቱ ልጅ ሸጦ የማይጽፈው ነው፤ ለዚያ ክር የታሰረበት ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

ንግግሩም እንዲህ አጭር ይሁን፦ «ሐጂ፣ አንድ መደርደሪያ ይምረጡልኝ። ዛሬ ከሰዓት ቆጥሬ፣ ካርድ አውጥቼ፣ ልዩነቱን ጽፌ እሰጥዎታለሁ። ከወደዱት የቀረውን በዋጋ እንነጋገራለን።» «አብሽር፣ ቁጠር» ካሉ ግማሽ መንገድ ታልፏል። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት፣ በገበያ ቀን፣ ጁምዓ ሶላት ሰዓት ላይ መሄድ ግን ለራስ እምቢታን መግዛት ነው። 9 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ስለሚዘጋ ግንቦት ላይ ሱቆቹን ዞሮ የጨረሰ ሰው ቆጠራው ሲደርስ ስልኩ ይጠራል፣ ቁጥሩን ካልቀየረ። ሲቪ በትኖ ሲም የሚቀይር ሰው በጣም ይገርመኛል።

ነፃ ሥራው አንድ መደርደሪያ ወይም አንድ ገጽ ላይ ይቁም። «ለአንድ ወር እስቲ እንይህ» የሚል ካለ የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ የሚደረግና ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ አለው። ለፎርም፣ ለዩኒፎርም ወይም ለሥልጠና እያለ ሥራ ሳይጀመር ብር ላኩ የሚል ቴሌግራም ላይ ያለ «ቀጣሪ» ደግሞ ቀጣሪ አይደለም።

እያንዳንዱ የተሄደበት ቦታ ደብተር ላይ ይስፈር፦ ቀን፣ ያነጋገሩት ሰው፣ ያለው ነገር፣ የምንመለስበት ቀን። «ሌላ ጊዜ ና» ያለን ሰው በሁለት ሳምንት ተመልሶ ማየት ነውር የለውም።

ሥራው ሲገኝ ግን ከደመወዙ ቀጥሎ የሚጠየቀው የሥራ ግብር በፔሮል ይከፈላል ወይ የሚለው ነው። የመንግሥት ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ብዙ ጊዜ ይጠይቃል፤ ግብር ያልተከፈለበት 2 ዓመት ምዝገባ ላይ 0 ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ያው አዋጅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የቆይታውን ጊዜና ደመወዙን የያዘ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ለመውጣት መጠበቅ አያስፈልግም፣ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ነው። ከባለቤቱ ጋር ፍቅር ሳለ በየዓመቱ አንድ ማጻፍና ማህተሙ ቀኑን አለመሸፈኑን እዚያው ቆሞ ማየት ነው።