የድሮውን ኮረል ልተወው ወይስ ልቀጥልበት?

አራት ኪሎ ባለች ትንሽ የዲዛይን ቤታችን እስካሁን የምንሠራው በኮረልድሮው ኤክስ ሰባት በተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ነው። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ነው። "አሁንም በእሱ ነው እንዴ?" ለምትሉኝ ሁሉ፣ አዎ፣ አስቤበት ነው።

አዲሱን ሞክሬዋለሁ። የሙከራውን አወረድኩ፣ ጫንኩ፣ የድሮ ፋይሎቼን ከፈትኩ፣ ደህና መጡ። ዋጋው ግን በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ የሚቀመስ አልሆነም።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የምስክር ወረቀት ዲዛይን አሠራን። ፊደሉ ሁሉ ከርቭ የተደረገ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል የተቀየረ፣ ለኅትመት ያለቀለት ፒዲኤፍ ሰጠናቸው። አይሆንም፣ ክፍቱን (ጽሑፉ የሚታረመውን የኮረል) ፋይል አምጡ አሉ። ፎንቱን ጨምሬ፣ "መጀመሪያ ይህን ጫኑ" ብዬ ጽፌ በፍላሽ ሰጠኋቸው። የኮምፒውተር ባለሙያቸው ፎንቱን ሳይጭን ከፈተው። ያ ሁሉ አማርኛ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝርክርክ ሆነ። እሱም እንደዚያው ሴቭ አድርጎ ለአለቆቹ አሳየ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ ሶፍትዌራችሁ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ክፍያ ታግዷል የሚል። ለማስረዳት ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ነው፣ ደግሞ ነገ። በመጨረሻ በራሳቸው ኮምፒውተር፣ በራሳቸው አዲስ ኮረል፣ ፎንቱን ጭኜ የእኔን ፋይል ከፈትኩላቸው። አንድም ፊደል አልጎደለም። ገንዘቡ ተለቀቀ፣ ይቅርታ ያለን ግን የለም።

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። ዩኒኮድ ያልሆኑት የድሮ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው እንግሊዝኛው ነው፤ ሶፍትዌሩ የዘንድሮ ቢሆንም ያው ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እኮ በፈረንጆቹ 1999 ነው! ስለዚህ መቀየር ያለበት ፎንቱ ነው።

አምራቾቹ ሁሌም አዲሱን ግዙ ይላሉ። እኔ አትቸኩሉ እላለሁ። አዲስ ሥራ በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት ጻፉ። ለማተሚያ ቤት ከርቭ የተደረገውን ስጡ፣ ጽሑፉ የሚታረመውን ኮፒ ግን ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ምክንያቱም ከርቭ ከሆነ በኋላ ስም ተሳስቷል ቢባል ፊደል መተየብ አይቻልም። በአዲሱ ኮረል የተሠራ ፋይል የሚልክላችሁ ካለ፣ ሴቭ ሲያደርግ ቬርዥኑን ዝቅ እንዲያደርገው ንገሩት፤ አለዚያ የድሮው አይከፍተውም። ለድሮው ሶፍትዌር የደኅንነት ማስተካከያ ስለማይወጣለት፣ የምትሠሩበትን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ንቀሉት።

ክፍት ፋይል ለሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ደግሞ እኔ አሁን ለብቻው አስከፍላለሁ፣ ፎንቱን መረከባቸውንም አስፈርማለሁ። የማይፈርም ካለ ፒዲኤፉን ይዞ ይሂድ።