ሌባ ይጠብቅልን ብለን ሌባ ተባልን

እኛ ቤት የውሻ ጉዳይ የተነሳው ዶሮዎቻችን አንድ በአንድ ሲጎድሉ ነው። የድሮው ውሻችን ካረፈ ወዲህ ግቢው ጠባቂ የለውም። እሱም ቢሆን በመጨረሻ ዘመኑ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት በተግባር ሲያሳየን ነው የኖረው። ነፍሱን ይማረው (እማዬ ይህን እንዳታነብ አደራ)።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ዳር ነው። ማታ ማታ ጅቡ አጥራችን ስር ይጮሃል። አባዬ ታዲያ «ጀርመን ሼፐርድ ካልሆነ ውሻ የሚባል አልገዛም» ብሎ ድርቅ አለ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ ሌላ ነገር ይዛ መጣች። ጓደኛዋ ወደ ውጭ ልትሄድ ነው። ቺዋዋ ውሻዋን የሚወስድላት ደግ ሰው ትፈልጋለች። «ቦታ አይፈጅ፣ ምግብ አይፈጅ!» አለች በስልክ። አባዬ የላከችውን ፎቶ አተኩሮ አየና ስልኬን መለሰልኝ።

«ይሄ አይጥ ነው። ጆሮው ነው ያደገው።»

እውነቱን ለመናገር ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው እኔንም ይገርመኛል። ወንዱ ጀርመን ሼፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ቺዋዋ 3 ኪሎ ከሞላ ወፈረ ይባላል። እማዬ ግን ክብደት አላስጨነቃትም። «ትልቅም ይሁን ትንሽ ደጅ ነው የሚያድረው። ጠበል የሚረጭበት ቤት ውስጥ ውሻ አይገባም» አለች። በመጨረሻ ሁለቱም ለሙከራ ይምጡና ይታዩ ተባለ። ትልቁን አባዬ ነብሮ አለው። ትንሹ ከነስሙ ነው የመጣው፤ ኮኮ ይባላል።

ኮኮ የመጣው በኅዳር መጀመሪያ፣ ቀይ ሹራብ ለብሶ ነው። ኅዳርን በደብረ ብርሃን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እኛ ከተማ የተተከለውም ያለ ነገር አይመስለኝም። ኮኮ ደግሞ ዘሩ ከሜክሲኮ ነው። ያች ቁራጭ ገላ ሙቀት አትይዝም። ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈን በረንዳ ላይ አስተኛነው። ሌሊት የሚንቀጠቀጠው እሱ፣ የሚንኳኳው ካርቶኑ። እማዬ ተነስታ «ኧረ ነፍስ አይደለም እንዴ!» እያለች ስትወጣ ሰማኋት። ጠዋት ስነሳ ከጋቢዋ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች ብቅ ብለዋል። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ነብሮ በተቃራኒው ውርጩ ላይ ይንከባለላል። ጸጉሩ ድርብ ነው፤ ብርድ ምኑም አይደለም። ችግሩ ጸጉሩ ይረግፋል። ከአባዬ ካፖርት ላይ፣ ከተሰጣው ድርቆሽ ላይ፣ አንዴም ከእንጀራ መሐል ተገኝቷል። አባዬ ግን ኩራቱ ለብቻው ነበር። ስለ ዘሩ አንብቤ ነገርኩት። በ1899 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የቀድሞ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን እንዳቋቋመው፣ መነሻውም በግ የሚጠብቁ ውሾች እንደሆኑ፣ ለፖሊስና ለጦር ሥራ የዋለው በኋላ እንደሆነ አስረዳሁት። አባዬ የሰማው «መኮንን» የሚለውን ብቻ ነው። «አልኩህ! ወታደር ነው!» አለኝ። በጎቹ በአንዱ ጆሮው ገብተው በሌላው ወጡ።

ኅዳር 12 ደረሰ፤ የእማዬ የሚካኤል ዝክር። ቤቱ በቄጠማ ተጎዝጉዟል። ጠላው ቀርቧል፣ ዳቦው ተቀምጧል። የነፍስ አባታችን ገብተው ጸሎት ጀመሩ። እማዬ ከወትሮው በተለየ ጋቢዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች። «አቡነ ዘበሰማያት» ላይ ስንደርስ ከጋቢው ውስጥ ቀጭን «ውቅ!» የሚል ድምፅ ወጣ። እማዬ ቶሎ ብላ ሳለች። ትንሽ ቆይቶ ደገመ፤ እሷም ደገመች። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆም አሉ።

«ይሄ ሳል ጠበል ይፈልጋል፣ ልጄ።»

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቄጠማውን መቁጠር ያዝኩ።

ውጭ ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ጭሱ ሰው ከሰው አያስተያይም። የግቢው በር ለእንግዳ ተብሎ ገርበብ ብሏል። ነብሮ በዚያ ወጥቶ ኖሯል። በጭሱ የተበታተኑ የጎረቤታችንን በጎች አገኘ። ማንም ሳያስተምረው በዚህ በዚያ እየዞረ ሰበሰባቸውና ነድቶ አመጣቸው። ወዴት? ወደ ቤቱ ነዋ!

መጀመሪያ የገባው አውራው በግ ነው። ቀንዱን በበሩ አሾልኮ ገብቶ ቄጠማውን መጋጥ ጀመረ። ሌሎቹም ላታቸውን እያወዛወዙ ተከተሉት። አንዷ ከአባ እግር ስር ያለውን ጉዝጓዝ እየነጨች ሳለ ኮኮ አልቻለም። ከጋቢው ተስፈንጥሮ ወጣና በጮማዋ በግ ላይ ጩኸቱን ለቀቀው። ቀይ ሹራቡ እስከ አንገቱ ተሰብስቧል። አባ እማዬን ቀና ብለው አዩዋት።

«እሰይ! ሳልሽ ወጣልሽ።»

በዚህ መሐል ጎረቤታችን ዱላውን ይዞ ደረሰ። ቤቱ ሙሉ የእሱ በጎች ናቸው። አባዬን ከላይ እስከ ታች ገረመመው።

«አንተ ሰውዬ፣ በሚካኤል ቀን?»

«እኔ አይደለሁም፣ ውሻው ነው!»

«ውሻው በግ ሰረቀ ነው የምትለኝ?»

አባዬ ዕድሜ ልኩን የሰው እህል እንኳ ነክቶ አያውቅም። ሌባ ይጠብቅልኛል ባለው ውሻ ምክንያት በቄስ ፊት ሌባ ተባለ። ያስታረቃቸው ራሱ ነብሮ ነው። ሰውየው በጎቹን ነድቶ ሊወጣ ሲል ነብሮ በሩ ላይ ተጋደመ። በጎቹን ወደ ውስጥ መለሰ። ሰውየውንም ከመንጋው ቆጥሮት ነው መሰለኝ፣ ተረከዙን እየገፋ አብሮ መለሰው። ሰውየው መሄጃ ሲያጣ ተቀመጠ። ጠላ ተቀዳለት። አንዱን ጠጣ፣ ሌላም ተደገመ። ዓይኑ ከነብሮ ላይ አልተነሳም።

«እረኛዬ ትምህርት ቤት ገብቶብኛል» አለ በመጨረሻ። «ይህን ውሻ ለእኔ ብትለቅልኝ አንዲት ጠቦት እሰጥህ ነበር።»

«ሙክት» አለ አባዬ።

«ሙክት ለውሻ?»

እማዬ ኮኮን ወደ ጋቢዋ እየመለሰች ጣልቃ ገባች። «በትልቁ ተደራደሩ። ይሄኛው አይሸጥም። ለእብድ ውሻ ክትባት ነገ እኔው ራሴ ክሊኒክ እወስደዋለሁ።» ደጅ ነው የሚያድረው ያለችውን ያነሳባት ሰው የለም። እኔም ብሆን አፌን ዘጋሁ።

ድርድሩ እስካሁን አላለቀም። ጎረቤታችን ጠቦቷ ላይ ትንሽ ብር ጨምሯል። አባዬ ግን ከሙክቱ ንቅንቅ አላለም። ትናንት ደግሞ በአጥር ላይ ሆኖ አዲስ ጥያቄ አነሳ።

«በቄስ ፊት ሌባ ላልከኝ ለብቻው ትከፍላለህ!»