ውሃ በሌለ ቀን የተረከብኩት ሻወር ቤት

ሻወር ቤቴን አሳድሼ የተረከብኩት ሰፈራችን ውሃ በሌለበት ቀን ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። ሠራተኛው "እህቴ ምንም አታስቢ፣ ዕድሜ ልክ ነው" አለኝ። ቀሪ ሒሳቡን ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ቂል ነኝ እኮ።

ውሃው ሌሊት መጣ። ጠዋት ስታጠብ ውሃው ወደ ማስወገጃው አልሄደም፣ በሩ ሥር ተኛ። በአራተኛው ቀን ከሥሬ ያሉት እናት አንኳኩ። "ልጄ፣ ጣሪያዬ እያለቀሰ ነው" አሉኝ።

ደወልኩ፣ ጮህኩ። "ነገ እመጣለሁ" አለ። ነገው ሳምንት ሆነ።

ከዚያ ጩኸቱን ተውኩና ሥራውን መመርመር ጀመርኩ። በሳንቲም እያንዳንዱን ሴራሚክ መታ መታ አደረግኩ። ከሥሩ በደንብ የተሞላው ድፍን ድምፅ አለው፣ ያልተሞላው እንደ ባዶ ጣሳ ነው የሚጮኸው። ወለሉ ላይ 19፣ ግድግዳው ላይ 8 ባዶ አገኘሁ፣ ሁሉንም በጠመኔ ምልክት አደረግኩባቸው። የእህቴን ልጅ ብይ ተበድሬ ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ተንከባለለ። ይህንን በስልኬ ቀረጽኩት።

የቀረው ውሃው ከየት እንደሚወርድ ማወቅ ነበር። ውሃ ባለበት ሰዓት ቧንቧዎቹን በሙሉ ዘግቼ ቆጣሪውን ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየሁት፣ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ውሃ የሚያመጣው፣ ግፊት ያለበት መስመር ደህና ነው። ቀጥሎ ማስወገጃውን በጨርቅና በላስቲክ ደፍኜ፣ እናትየውን አስፈቅጄ፣ እሳቸውም ሳፋ አስቀምጠው፣ ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሼ አቆምኩ። ማታ ላይ ጣሪያቸው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ወለሉ ራሱ ነው የሚያሰርገው ማለት ነው። ሰውየው ከሴራሚኩ በታች ውሃ መከላከያ ቅብ አላደረገም። ሴራሚክ ቢያብረቀርቅም በመጋጠሚያው ውሃ ይገባል፣ ይህንን እኔም አላውቅም ነበር።

የጽሑፍ ውል የለንም፣ የተስማማነው "ጥሩ አድርገህ ሥራልኝ" በሚል ቃል ነው፤ ይሄ ደግሞ ለእኔ አንድ ነገር ነው፣ ለእሱ ሌላ። ስለዚህ እሱን ያመጣልኝን ዘመዴን ጠርቼ ሦስታችንም ሻወር ቤቱ ውስጥ ቆምን። መጀመሪያ "ዕቃው ነው፣ አንቺ የገዛሽው" አለ። ብዩን አስቀመጥኩለት። ተንከባለለ። ዝም አለ። ዘመዴ ሳቁን መያዝ አቃተው።

የእጅ ዋጋ ሳይጠይቅ ወለሉን አፍርሶ ሊሠራ፣ ዕቃውን እኔ ልገዛ ተስማማን። ዕቃውን መክፈሌ አሁንም ያንገበግበኛል፣ ግን ፍርድ ቤት ስመላለስ የእናትየው ጣሪያ አይጠብቀኝም። አሁን ግን ወረቀት ላይ ጻፍን። ወደ ማስወገጃው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ዝቅታ፣ ቅቡ ሁለት ጊዜ፣ ግድግዳው ላይም ወደ 20 ሴንቲ ወጣ ብሎ፣ ከዚያ ሴራሚክ ሳይነካ ወለሉ ላይ ውሃ አቁሞ 24 ሰዓት መጠበቅ። ለቁጥጥር አንድ የቆየ ግንበኛ የአንድ ቀን አበል ከፍዬ አመጣሁ። ከሁሉም ወጪ ያልቆጨኝ እሱ ነው፣ መጀመሪያውኑ ባመጣው ኖሮ።

ውሃው ቆሞ ሲያድር እናትየው ሌሊት ሁለቴ ተነስተው ጣሪያቸውን በባትሪ አዩ። ደረቅ ነበር። የጣሪያቸውን ቀለም እኔ አስቀባሁ። ግድግዳው ላይ ያሉት 8 ባዶዎች ግን ስምምነቱ ውስጥ ሳላስገባቸው ቀሩ፣ የጠመኔው ምልክት ታጥቦ ቢጠፋም የትኞቹ እንደሆኑ በቃሌ አውቃቸዋለሁ።