ጭምብል የሌላት ጀግና፦ ዓባይነሽን እንዴት እንደሠራኋት

ዓባይነሽ 19 ዓመቷ ነው፤ የባሕር ዳር፣ የሽምብጥ ልጅ ናት። መዳፏን ዘርግታ "ተው" ስትለው የጣና ሞገድ ይተዋል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ጀግና ብሎ እንዲጠራት። የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ታሪኳን በሥዕል የሚተርከው ኮሚክ የመጀመሪያ ክፍል አልቆ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ከጀመረ ወዲህ "እንዴት ሠራሽው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ የማውቀውን ልጻፍ።

ኃይሏን ከመምረጤ በፊት ያጠናሁት ሐይቁን ነው። የጓደኞቼ ምክር አንድ ዓይነት ነበር፦ "ከጥልቁ አውሬ ይውጣ!" ከየትኛው ጥልቅ? ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል እንጂ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከዚያ ቢወጣ ጉማሬ ይወጣል፤ ጉማሬ ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ድሮም አለ፣ እሱን ለማየት ኮሚክ አያስፈልግም። የውሃ ውስጥ ፍልሚያም አያዋጣም። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለላቸውን ሲያራግፉበት ውሃው ይደፈርሳል፤ ጠላትሽን ቀርቶ የራስሽን እጅ አታዪም። ስለዚህ ኃይሏን ከላይ አደረግሁት፤ ሞገድና ነፋስ። ጠዋት ፀጥ ያለው ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ጠባዩ ይለወጣል፤ ታንኳ ቀዛፊም መንገዱን በጠዋት መጨረስ ይመርጣል። በታሪኬ ውስጥ አደጋ ሁሉ ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ከኃይሏ ጋር ዋጋውን አብሬ ወሰንኩ። እዚህ የቆመ ሞገድ ሌላ ቦታ ይነሳል። አንዱን ታንኳ ስታድን የሌላው ዓሣ አጥማጅ መረብ ይበጣጠሳል። ይህን ሕግ ካስቀመጥኩ በኋላ ታሪኩ ራሱን መጻፍ ጀመረ። ኃይል መፍጠር እኮ ቀላል ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ከባዱ "ማን ይከፍላል?" የሚለው ነው።

አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስፈርሰሽ ታድነው ያሉኝም አሉ። ገና በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ሕዝቡ ማታ ማታ ፎቶ የሚነሳበትን 380 ሜትር ድልድይ? እጄ እምቢ አለ።

ቀጥሎ የጭምብል ነገር መጣ። የፈረንጅ ጀግና ቀን ሌላ፣ ማታ ሌላ ሰው ነው። ሽምብጥ ውስጥ ይህ እንዴት ይሆናል? ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤት በሚጠራበት ሰፈር ፊቷን በነጠላ ብትሸፍን አረማመዷ ያጋልጣታል። "ይቺ የእትዬ እንትና ልጅ አይደለችም እንዴ?" ተባለ፣ አለቀ። ደግሞም የእኛ ጀግና ስሙን ደብቆ አያውቅም፤ ይፎክራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ የፈረስ ስም ለመደበቂያ አልወጣም። ስለዚህ ጭምብሉን ጥዬ አስፎከርኳት። የመጀመሪያውን ታንኳ ካዳነች በኋላ ወደቡ ላይ ቆማ "ዘራፍ! ዓባይነሽ፣ የሞገዱ ልጓም!" ስትል ዓሣ ጠባሾቹ ሴቶች መጥበሻቸውን ትተው ይስቁባታል። አንደኛዋ ቆሮሶውን እያገላበጡ "አንቺ፣ እናትሽ ዘይት ይዘሽ ነይ ብላሻለች" ይሏታል። ራሷን ለማስመስከር የምትታገለው በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው። በልጅነቷ አፍንጫዋን የጠረጉላት ሰዎች ናቸው፤ ከነሱ የሚብስ ዳኛ የለም።

ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ጠበል ነው። እናት ልጇ ሞገድ ስታቆም በዓይኗ ብታይ ምን ታደርጋለች? እኔ የማውቃቸው እናቶች አያጨበጭቡም፤ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጠበል ይወስዷታል። እኔም ወሰድኳት። ከመጽሐፉ ሁሉ ሰፊ ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ክፍል ነው፤ የንጋቱ ብርድ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው ሰው፣ የእናቷ ነጠላ አጣጣፍ። ካህኑ ጠበሉን በጣሳ ሲያፈሱባት ልጅቷ ከድንጋጤ የተነሳ ሳታስበው ውሃውን ታስቆመዋለች። ከአናቷ አንድ ክንድ በላይ፣ አየር ላይ ቀጥ አለ። እናት በጥርሷ መሃል "ልቀቂው! ልቀቂው ብዬሻለሁ!" ትላለች። ካህኑ ቀና ብለው አዩ፤ ምንም አላሉም፤ ሌላ ጣሳ ቀዱ። አንባቢ ከሁሉ በላይ የሚያነሳልኝ ይህን ገጽ ነው፤ ከማዕበሉም ከማዳኑም በላይ። ኃይል የሚያስቀው ትንሽ ቦታ ላይ፣ በማይመች ሰዓት ሲመጣ ነው።

ሥዕሉን የተማርኩት ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረሽ በቡናው ጫካ ውስጥ ትወጫለሽ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ በረድፍ ተከፋፍሎ ታሪክ ይተርካል። ኮሚክ ምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሰው የማሳየው ይህንኑ ነው። በጥንቱ አሣሣል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ደንቡን እንዳለ ወሰድኩት። ዓባይነሽን ፊት ለፊት ነው የምሥላት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይዛ። ለታይታ ብላ ሞገድ ስታስነሳ ግን ወደ ጎን አዞራታለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ገጹን ስትገልጥ ወዲያው "እዚህ ጋ ምን ነካት?" አለችኝ።

ያከራከረን ክብራን ገብርኤል ነው። ደሴቱ ከከተማው ቅርብ ነው፤ ሴት ግን ገዳሙ አትገባም፤ አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ ትገባለች። ዓባይነሽ ነፋስ የያዛቸውን መነኮሳት ጀልባ እስከ ክብራን ታደርሳለች። ከዚያስ? ገሚሱ "ሕጉን ትጣሰው" አለኝ፤ ገሚሱ "ትዕይንቱን አውጪው"። ሁለቱንም አላደረግሁም። ወደቡ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትናደዳለች። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ዳቦ ይዘውላት ወርደው ስለ ወለተ ጴጥሮስ ያጫውቷታል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ ሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ ተቃውማ እዚሁ ጣና ዙሪያ ማኅበር ስላቋቋመችው። "ማን ሾማት?" ትላለች ዓባይነሽ። "የተከተሏት" ይላሉ አባ። ተመልሰው ይወጣሉ፤ እሷ ዳቦውን ትጨርሳለች፤ ንዴቱ አልበረደላትም። እንዲበርድላትም አልፈለግሁም።

ጠላቷን ሰው ላለማድረግ የወሰንኩት መጀመሪያውኑ ነው። ሰው ሲሆን በቡጢ ያልቃል። እምቦጭ ግን በቡጢ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀ ወዲህ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ያስጨነቀ አረም ነው። ቅጠሉ ሥር ያለው እብጠት አየር የሞላው ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ተስማሚ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ የተቆረጠ ቁራጩ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አበባው ደግሞ ወይን ጠጅ፣ የሚያምር። ለሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ጠላት ከየት ይመጣል?

ዓባይነሽ ሰሜን ዳርቻ፣ ደምቢያ ሄዳ ትልቅ ሞገድ ታስነሳለች፤ ምንጣፍ ያከለው እምቦጭ ከዳርቻው ተላቆ ይሄዳል። ሕዝቡ እልል ይላል፤ በመጨረሻ "ጀግና!" ተባለች። ያን ገጽ ሙሉውን በጎን ነው የሣልኳት። ነፋሱ እምቦጩን ይዞ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፎገራ ያወርደዋል፤ ሞገዱ የሰባበረው ቁራጭ ሁሉ እዚያ ይበቅላል። አጎቷ ታንኳው አረሙ መሃል ተቀርቅሮበት፣ ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ እየጠጣ ሲከብድ አንድ ሙሉ ገጽ ያለ ቃል አስቀመጥኩ። የታንኳው አሠራር እንዳያሳፍረኝ ታንኳ ሠሪዎቹ ወይጦዎች ደንገሉን በጉልበታቸው እየተጫኑ እንዴት እንደሚያስሩት ቆሜ አይቻለሁ፤ ገመዱ ራሱ ደንገል ነው።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከገበሬዎቹ ጋር እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ በእጇ ትነቅላለች። ኃይሏ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ሰዉ ከስምንት ሰዓት በኋላም መንቀል እንዲችል ነፋሱን መያዝ። እዚህ የቆመው ሞገድ ሐይቁ መሃል ይነሳል፤ መሃል ላይ ደግሞ ጀልባ የለም፣ ሁሉም እዚህ ነው። "ዛሬ ነፋሱ ምን ነካው?" ይባላል፤ የሚያውቅ የለም። እሷም አልፎከረችም።

ለሚጀምር ሰው ከእጅ ሥራው አንድ ነገር ልንገር፤ ንግግሩ የሚጻፍበትን አረፋ ከሥዕሉ በፊት አስቀምጪ። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ይናገራል፤ "አላስቆምኳቸውም" ብቻዋን አረፋ ትሞላለች፤ ቦታ ካልተያዘላት የሰው ፊት ላይ ትወጣለች። እኔ በእርሳስ ወረቀት ላይ ነድፌ፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ ቀለሙን አይቢስ ፔይንት በሚባል የሥዕል መተግበሪያ ነው የምጨርሰው። ዥው፣ ዘጭና ቦጭረቅ ግን በእጅ ይጻፉ፤ የኮምፒውተር ፊደል ያደርቃቸዋል።

አንድ የፎገራ ገበሬ አንብቦ ሲያበቃ "የነቀሉትን የት አደረሱት?" አለኝ። ዳር ላይ የተተወ እምቦጭ ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል፤ ርቆ መወሰድና መድረቅ አለበት። ለእሱ ስል በሚቀጥለው ኅትመት በጆንያ የሚሸከሙ ሰዎችን እጨምራለሁ፤ ዓባይነሽም አንዱን ጆንያ ትይዛለች። ሁለተኛው ክፍል ጨረጨራ ላይ ይከፈታል፤ የዓባይ ውሃ በበር በሚለቀቅበት ቦታ፣ ሞገድ ማስቆም ብቻ በማይበቃበት።