የጽጌ ሌሊት በአምባሰል

ደሴ የገባሁት አርብ ማታ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጣርማ በር ወዲያ ያለውን አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ያረፍኩበትን ሆቴል ስሙን አልጠራም። በስልክ 700 ብር ያሉኝ ክፍል ስደርስ 1,000 ሆኖ ጠበቀኝ። «ዋጋ ተስተካክሏል» አለችኝ ልጅቷ፤ መቼ ነው የተስተካከለው ብዬ ብጠይቃት ዝም አለች። ውሃ የለም። ከሥር ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃውን ለቆታል። የደሴ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፣ የሰጡኝ ብርድ ልብስ ስስ ስለነበር ጋቢዬን ደርቤ ስገላበጥ ነጋ። በጣም ነው የተናደድኩት። በማግስቱም እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፣ የማግስቱ ግን ሌላ ነበር።

የመጣሁት እናቴ ክርስትና የተነሳችበትን አጥቢያ ለማየት ነው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ወርዶ ሽቅብ በእግር የሚወጣ ነው። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ እዚያው ትኖራለች። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ለቦርሳዬ ብቻ 50 ብር ጠየቀኝ። ከፈልኩ፣ ከሰው ጋር መከራከር አልወድም።

አስፋልቱ ላይ ስወርድ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ቦርሳዬን ከእጄ ወሰዱት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እሷማ ጎረቤታችን ናት» አሉና ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ። ሙስሊም ናቸው፣ ቤታቸው ከአክስቴ ቤት በአንድ አጥር ነው የሚለየው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስንወጣ እኔ ትንፋሼ እየተቆራረጠ እሳቸው ያወራሉ። «ዛሬ ጽጌ ነው፣ ከበሮው አያስተኛሽም» አሉኝ። ማሳውን እያሳዩኝ ደግሞ «ይሄን ለኅዳር ሚካኤል ነው የምናጭደው» አሉ። ገንዘብ ልሰጣቸው ብል ተቆጡ። «ልጄ፣ በመውሊድ እናንተ ቤት አይደል እንዴ እንጀራው የሚጋገረው!»

እኔ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም የምል ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባ ሰፈሬ ካለው ደብር እሁድ አስቀድሳለሁ፣ ጥምቀትና ፋሲካ አይቀሩብኝም። ግን አጠገቤ የቆመችውን ሴት ስሟን አላውቅም። በዓል ለእኔ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ሆኖ ነበር። አክስቴ ቤት ግን ቀኑን በቁጥር የሚጠራ ሰው አላገኘሁም። ላሚቱ የወለደችው ለአቦ ማግስት ነው፣ ብድሩ የሚመለሰው ለመድኃኔዓለም ነው። «ስንት ቀን ትቆያለሽ?» አለችኝ፤ «እስከ ሰኞ» ስላት አዘነች። «ሚካኤልን ሳትውይ?»

የጽጌ ጊዜ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፣ 40 ቀን። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ይታሰባል። ጾሙ የፈቃድ ነው፣ ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም። አክስቴ ግን አንድም ዓመት ትታው አታውቅም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፣ ባህሪዋ ነው ብዬ አለፍኩት።

ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ነጠላችንን አጣፍተን ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ ትንሽ ነው፣ መሬቱ ላይ ሳር ጎዝጉዘውበታል። ማይክ የለም። የኛን ሰፈር ድምፅ ማጉያ የለመደ ጆሮዬ መጀመሪያ ምንም አልሰማ አለ። ካህናቱ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቀኝና ግራ ሆነው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ጀመሩ፣ ጸናጽሉ ለረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ይንሿሿል፣ ከበሮው ገና መሬት ላይ ነው፣ ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው እግር ሥር እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ እኔም እግሬ ከድቶኝ ከግድግዳው ተጠግቻለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ነገሩ የሞቀው። ወረቡ ሲመጣ ከበሮው ከመሬት ተነሳ። ሽብሸባው፣ እልልታው። ብርዱን ረሳሁት።

ግእዙ አይገባኝም። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን በጆሮዬ እየተጠጋች ትነግረኛለች። «አሁን ሄሮድስ ሊገድለው ፈለገ።» «አሁን በረሃ ገቡ።» ትንሽ ቆይታ «አሁን ውሃ ጠማው፣ የሚያጠጣት አጣች» አለችኝና ድምፅዋ ተቆረጠ። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ በእንባ ርሷል።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ የሳምንቱ ተረኛ ቤት ሄድን። በየሳምንቱ አንድ ቤት ለካህናቱና ለአጥቢያው ሰው ያዘጋጃል። ሽሮ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጠላ። ጎረቤታችን ሽማግሌም ቀድመው እንጨት አምጥተው ኖሯል፣ ግቢው ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። መሪጌታው አጠገቤ ስለነበሩ ጥያቄ አበዛሁባቸው፣ አልሰለቹም። መስከረም 26 መፀው ይገባል፣ ታኅሣሥ 26 ሐጋይ፣ መጋቢት 26 ፀደይ፣ ሰኔ 26 ክረምት፤ በየወቅቱ ዜማውም ምንባቡም ይለወጣል። «ገበሬው ሰማዩን ያያል፣ እኛ ደግሞ መጽሐፉን፤ ሁለታችንም አንድ ቀን ላይ እንገናኛለን» አሉኝ። እነዚህን ቀኖች ተምሬያቸው አላውቅም ነበር፣ እዚያው ስልኬ ላይ ጻፍኳቸው።

ማታ ቡና እያፈላች አክስቴ ራሷ አነሳችው። በ1977 ድርቁ ሲበረታ በእግሯ ባቲ ድረስ ሄዳለች። አራት ቀን። እርዳታ ይሰጣል ተብሎ። የበኩር ልጇን አዝላ ነበር። «እመቤቴ ልጇን ይዛ ተመለሰች፣ እኔ ባዶ አንቀልባ ይዤ ተመለስኩ» አለች። ጽጌን የምትጾመው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሱልኛል እኮ፣ ካህናቱ። ለእሷ ሲያለቅሱ ለእኔም ነው።» ምን እንደምላት አላወቅኩም። ሦስተኛውን ቡና ቀዳችልኝ።

እኔ ይህን ልጅ ሰምቼው አላውቅም። የአክስቴ ልጅ፣ ወንድሜ ማለት ነው። እናቴ ያኔ አዲስ አበባ ሰው ቤት ነበረች።

ሰኞ ጠዋት አክስቴ ከመሶቡ ዳቦ ቋጥራ ሰጠችኝ። ለኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ጽዋ እሷ ጋ ነው፣ እንድመጣ አስማለችኝ። እመጣለሁ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። መውረዱ ቀላል ነበር።

ደሴ መናኸሪያ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ዳቦው፣ ስለ ማኅሌቱ፣ ስለ መሪጌታው ነገርኳት። ከዚያ ስለ ልጁ ጠየቅኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ።

«በ76 ነው የተወለደው» አለች በመጨረሻ፣ «ለኅዳር ጽዮን።»