አፉ የእኔ ነው፤ መደርደሪያው የማን ነው?

ወፍራም ሰው ስለ ኃላፊነት የሚነግረው አጥቶ አያውቅም። ሐኪም ይነግረዋል፣ ዘመድ ይነግረዋል፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ መንገደኛ ሳይቀር በዓይኑ ይነግረዋል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስላደግሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ትናንት ማታ «እትዬ፣ በግድ ያጎረሰሽ እኮ የለም» ሲለኝ ቃሉ አዲስ አልሆነብኝም። በክፋት እንዳልተናገረው አውቃለሁ። ይወደኛል፤ ለጤናዬም ይሰጋል። ነገር ግን ክርክሩ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም አለቅ ስላለኝ፣ ለእሱ በወጉ ያልመለስሁለትን እዚህ ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

ነገሩን ያነሳነው ከአንድ የቆየ ክስ ነው። በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኒው ዮርክ ውስጥ የሁለት ታዳጊ ልጃገረዶች ወላጆች «ልጆቻችንን ለውፍረትና ለበሽታ ዳርጓል» ብለው ማክዶናልድስን ከሰሱ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። ዳኛው ሮበርት ስዊት በ2003 መጀመሪያ ላይ ክሱን ውድቅ ሲያደርጉ፣ ምግቡን አብዝቶ መብላት እንደሚጎዳው እያወቀ የሚበላን ሰው ከራሱ መጠን ማጣት መጠበቅ የሕግ ሥራ አይደለም የሚል ሐሳብ አሰፈሩ። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤትም በ2004 እና በ2005 እንዲህ ያለውን ክስ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አጸደቀ፤ የረቂቁ ርእስ ራሱ ስለ ግል ኃላፊነት የሚናገር ነበር። በሴኔቱ ባያልፍም ብዙ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ወንድሜ ይህን ሁሉ በምስክርነት ደረደረልኝ።

እሱ ያልጠቀሰው አንድ ነገር አለ። እኚሁ ዳኛ በዚያው ውሳኔ ውስጥ፣ ድርጅቱ የሚሸጠው የዶሮ ቁርጥራጭ ቤቱ የሚያበስል ሰው በማይጠቀምባቸው ልዩ ልዩ ነገሮች የተሠራ እንግዳ ፍጥረት መሆኑን ጽፈዋል። ይህች ሐሳብ ለእኔ ከውሳኔው ትከብዳለች። ሰው የሚያውቀውን ምግብ አብዝቶ ሲበላና ምንነቱን ሊያውቅ የማይችለውን ነገር ሲበላ ኃላፊነቱ እኩል ሊሆን አይችልም። የዳኛው ሚዛን የቆመው በማወቅ ላይ ከሆነ፣ ከእኛ መካከል የሚበላውን በእርግጥ የሚያውቅ ስንት ነው? እኔ ማሸጊያ አንብቤ ነው የምገዛው፤ ሆኖም ከተጻፈው ግማሹ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ስለ ራሴ ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ በ2019 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያደረጉት ጥናት ነው። 20 ጎልማሶች ለአራት ሳምንት ያህል በተቋሙ ክሊኒክ ውስጥ ኖሩ። ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ከተፈጥሮው ብዙም ያልራቀ ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። የሚቀርበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በአሰርና በጨው እንዲመጣጠን ተደርጓል፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተነግሯቸዋል። ውጤቱ ግን አልተመጣጠነም። የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንቱ ክብደታቸው ወደ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ጨመረ። በሌላው ሁለት ሳምንት ያንኑ ያህል ቀነሱ።

ሰዎቹ እኮ አልተለወጡም። ይህን ስጽፍ እጄ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ስለ እኔ የሚባለው ሁሉ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የእነዚያ ሰዎች ጠባይ በሁለት ሳምንት ተበላሽቶ በሌላ ሁለት ሳምንት አልታረመም። ያው ሰው፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ፈቃድ ሳለ የተለወጠው ሳህኑ ላይ ያለው ነገር ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ካዩአቸው ነገሮች አንዱ የፋብሪካው ምግብ በፍጥነት መበላቱ ነው። ለስላሳ ነው፣ ማኘክ አይጠይቅም፤ ሆድ «በቃኝ» የሚል መልእክቱን ወደ አንጎል እስኪያደርስ ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ጥናቱ ትንሽና አጭር መሆኑን አልክድም፤ የሁሉንም ሰው ሕይወት አይገልጽም። ነገር ግን በሰዎቹ ላይ አንድም የሞራል ትምህርት ሳይሰጥ ክብደታቸው ሲወጣና ሲወርድ አሳይቷል። እኔ በሕይወቴ የሰማሁት ትምህርት ግን ማለቂያ የለውም።

ወንድሜ እዚህ ላይ ያነሳው ነጥብ ጠንካራ ስለሆነ ላልፈው አልፈልግም። «እኔና አንቺ ከአንድ ማዕድ በልተን አድገናል፤ ዛሬም የምንገዛው ከአንድ ሱፐርማርኬት ነው፤ እኔ ለምን አልወፈርሁም?» አለኝ። እውነቱን ነው። መልሱ ግን እሱ እንደሚያስበው ከእኔ የተሻለ ጽናት ስላለው አይደለም። በ1986 አልበርት ስታንካርድና ባልደረቦቹ በጉዲፈቻ ያደጉ 540 ዴንማርካውያንን ያጠኑበት ሥራ ታትሞ ነበር። የጉዲፈቻ ልጆቹ ሲያድጉ ክብደታቸው ከወለዷቸው ወላጆች ክብደት ጋር ሲዛመድ፣ ካሳደጓቸውና ምግብ ካበሉአቸው ወላጆች ጋር ግን ግንኙነት አልታየበትም። አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ልጆችም ቢሆኑ የሚወርሱት ዘር አንድ አይደለም። ወንድሜ ግማሽ ሳህን በልቶ ሲጠግብ ጥጋቡ የተሰጠው እንጂ በትግል ያገኘው አይደለም። እኔ ከእራት ስነሳ ከራሴ ጋር እየተከራከርሁ የምነሳ መሆኔን እሱ አይቶት አያውቅም፤ ሊያየውም አይችልም።

በሌላ በኩል የሰው ዘር በሠላሳና በአርባ ዓመት አይለወጥም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ1990 ወዲህ በጎልማሶች ላይ የሚታየው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከዚህ ጋር ይኖር ነበር። ስለዚህ ዘር ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ስንፍናም መልስ አይሆንም። በየአህጉሩ ያለ፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዘመን ተስማምቶ ራሱን መግዛት አይተውም። የተለወጠው በየደረስንበት እጃችን ሥር የሚቀመጠው ነገር ነው።

ስለ ረሃብ ደግሞ ወፍራም ያልሆነ ሰው የማይረዳው ነገር አለ። በ1994 በጄፍሪ ፍሪድማን ቤተ ሙከራ የተገኘው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ከሰውነት ስብ እየመነጨ ምን ያህል ክምችት እንዳለ ለአንጎል ይነግራል። ሰው ሲከሳ ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ አንጎልም ይህን እንደ ረሃብ ዘመን ቆጥሮ የምግብ ፍላጎትን ያነሳሳል፣ ሰውነት የሚያወጣውን ጉልበትም ይቆጥባል። የከሳሁባቸውን ወራት አስታውሳለሁ። ሰው ሁሉ «በርቺ!» ሲለኝ፣ እኔ በየሰዓቱ ስለ ምግብ ከማሰብ ሌላ የማልችል ሆኜ ነበር። በኋላ ኪሎው ሲመለስ ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ዝምታው ከስድቡ የበለጠ ከበደኝ።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አሁን ሴማግሉታይድ የተባለውን መርፌ በሳምንት አንድ ጊዜ ትወስዳለች። መድኃኒቱ ለክብደት ቅነሳ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2021 ነው። «ጭንቅላቴ ውስጥ ስለ ምግብ ሲያወራ የነበረው ድምፅ ቆመ» አለችኝ፤ ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ይህች ሴት ከመርፌው በፊት ታታሪ ነበረች፣ ዛሬም ታታሪ ናት። ሰነፍ ነሽ ስትባል የኖረችበት ነገር በሳምንት አንድ መርፌ የሚለወጥ ከሆነ፣ ያ ነገር መጀመሪያውኑ ስንፍና አልነበረም። ያለ አግባብ ለተሸከመችው ኀፍረት ይቅርታ የሚጠይቃት ማን ይሆን?

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ከሌላው ወገን ጋርም አልስማማም። አንዲት ወዳጄ ስለ ምግብ ኩባንያዎች ስትናገር እኔን የምትስለኝ በገመድ እንደሚጎተት አሻንጉሊት ነው፤ «አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም፣ ሁሉንም የሠሩት እነሱ ናቸው» ትለኛለች። ደግነቷን ብወደውም አባባሉ ያሳንሰኛል። ጠዋት ተነሥቼ የምራመደው እኔ ነኝ። ደክሞኝም ቢሆን ለነገ የምበላውን ዛሬ የማበስለው እኔ ነኝ፤ የደም ግፊቴን የምለካው፣ ቀጠሮዬን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እነዚህ ነገሮች ኪሎዬን ብዙም አልቀነሱትም፤ ጤናዬን ግን አሻሽለውታል፣ ለሰውነቴም ያለኝን አክብሮት መልሰውልኛል። ይህን ማንም እንዲወስድብኝ አልፈቅድም። ኃላፊነት የምለው ይኸንኑ ነው፤ በቻልሁት ልክ የራሴን ማድረግ። ለራሴ የማደርገው ነገር መኖሩ ግን ሌላው የሚያደርገውን ከጥያቄ ነጻ አያወጣውም።

ሌላው ያደረገው ደግሞ ተመዝግቦ የሚገኝ ነው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ የስኳር ኢንዱስትሪ የምርምር ተቋም ለሃርቫርድ ሳይንቲስቶች ገንዘብ ከፍሎ፣ ስለ ልብ ሕመም የጻፉት ግምገማ በ1967 በታዋቂ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ጽሑፉ ጣቱን ወደ ስብ ቀስሮ የስኳርን ጉዳት ያሳነሰ ሲሆን፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አልተገለጸም። ነገሩ በሰነድ ተደግፎ በይፋ የታተመው በ2016 ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ። በ2015 ደግሞ ኮካ ኮላ የውፍረት ዋናው ችግር እንቅስቃሴ ማነስ ነው የሚል የሳይንቲስቶች ቡድን በገንዘብ ይደግፍ እንደነበር ጋዜጦች አጋለጡ፤ ቡድኑ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈረሰ። የትምባሆው ኩባንያ ፊሊፕ ሞሪስ በ1985 ጄኔራል ፉድስን፣ በ1988 ክራፍትን ገዝቶ ነበር። «ምርጫው የተጠቃሚው ነው» የሚለውን መከራከሪያ አስቀድመን ከማን አፍ እንደሰማነው ማስታወስ ይገባል። ስለ ግል ኃላፊነት አጥብቆ የሚሰብከኝ ሰው ስለ እነዚህ ሰዎች ኃላፊነት አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሲቀር እቆጣለሁ።

ለመክሰሱም ቢሆን ብዙ ተስፋ የለኝም። ፍርድ ቤት የሚፈልገው ይህ ምግብ ይህን ሰው አወፈረው የሚል ማስረጃ ነው፤ ያንን ከሺህ ማዕዶች መካከል ለይቶ የሚያሳይ የለም። እኔ የምወደው የእንግሊዝን መንገድ ነው። በ2016 በለስላሳ መጠጥ ስኳር ላይ ቀረጥ እንደሚጣል መንግሥት አስታወቀ፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በ2018 ሚያዝያ ነበር። ከ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለበት መጠጥ ይቀረጣል፣ 8 ግራም ከደረሰ ደግሞ ቀረጡ ይጨምራል። ብዙ አምራቾች ቀኑ ሳይደርስ ስኳሩን ቀነሱ። ማንም ሰው ፈቃዱን ሳያጠነክር፣ ማንም ሳይሰደብ፣ ከጠርሙሱ ውስጥ ስኳር ወጣ። መቀነስ ይችሉ ነበር ማለት ነው፤ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው እንጂ። ቺሊም በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ በበዛበት ማሸጊያ ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲታተም አዘዘች፤ ከእነዚህ ምርቶች ላይ ልጆችን የሚያማልሉ የካርቱን ሥዕሎች እንዲነሱም አደረገች። ዳኛው «የሚያውቅ ሰው» ያሉት እንዲኖር ከተፈለገ መጀመሪያ እንዲህ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የካርቱኑን ነገር ለወንድሜ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ልጁ ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ የቁርስ ምግብ የምትመርጠው ካርቶኑ ላይ ባለው እንስሳ ነው፤ ሱፐርማርኬቱም ካርቶኑን በእሷ ዓይን ትክክል አስቀምጦታል። «እሷንስ በግድ ያጎረሳት የለም?» አልሁት። ለእሷ ሲሆን ወዲያው ተስማማ፤ ልጅ ምን ታውቃለች፣ ይህ ሊከለከል ይገባል አለ። ከዚያ ግን ትልቅ ሰው ስትሆን ምርጫው የራሷ፣ ጥፋቱም የራሷ እንደሚሆን አጥብቆ ተናገረ። በሰባት ዓመቷ የለመደችው ጣዕም፣ ከእኔ ቤተሰብ የወረሰችው ረሃብና በየቀኑ ፊቷ የሚደቀነው ማስታወቂያ ሁሉ በየትኛው ልደቷ ቀን ትተዋት እንደሚሄዱ ጠየቅሁት። «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» ብሎ ተነሣ። እሑድ ሲመጣ ከዚሁ ጥያቄ እጀምርለታለሁ።